ካሜራ ይዞ ለሚጠልቅ ሰው የትኛው የካሪቢያን ደሴት ይሻላል?

ካሪቢያን ላይ ለዳይቪንግ የሚሆን ደሴት ሞልቷል። ማስታወቂያቸው ግን ሁሉም አንድ ነው፤ ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ አሸዋ፣ አንድ ኤሊ። ያንን እያዩ መምረጥ ከባድ ነው። ካሜራ ለሚይዝ ሰው ደግሞ ይብሳል፤ ለጠላቂ የሚመች ቦታ ሁሉ ለፎቶ አንሺ አይመችምና።

እኔ ደሴት ስመርጥ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አንድ ዓሣ ፊት ምን ያህል ጊዜ መቆየት እችላለሁ? ሪፉ (ኮራል የሠራው የባህር ውስጥ አለት) የቱንም ያህል ቢያምር፣ ውሃው እየገፋኝ ወይም አስጎብኚው "ና እንሂድ" እያለኝ ከሆነ ፎቶው አይሰምርም። ጥሩ የውሃ ውስጥ ፎቶ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ትዕግሥት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ደሴቶቹን የመዘንኳቸው በዚህ ነው።

ደሴት ከመምረጣችሁ በፊት

መጀመሪያ ራሳችሁን እዩ። ውሃ መሃል ሳትሰምጡ፣ ሳትንሳፈፉ፣ እጃችሁን ሳታወራጩ አንድ ደቂቃ ፀጥ ብላችሁ መቆም ትችላላችሁ? ካልቻላችሁ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ካሜራውን ሆቴል ተዉት። ይህን የምለው ለፎቶው ጥራት ብቻ አይደለም። ካሜራ የያዘ ሰው ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው፤ እግሩ ምን እየመታ እንደሆነ አያውቅም። አንጎል የሚመስለው ክብ ኮራል በዓመት የሚያድገው ጥቂት ሚሊሜትር ነው። አንድ የፊን (የመዋኛ ጫማ) ምት የዓመታት ዕድገት ይሰብራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ምን ዓይነት ፎቶ ነው የምትወዱት የሚል ነው። አንዳንዱ ሰው ሰፊ ነገር ይወዳል፦ ገደል፣ የሰመጠ መርከብ፣ ከላይ የሚወርድ የፀሐይ ጨረር፣ መሃል ላይ አንድ ጠላቂ። ሌላው ጥቃቅኑን ይወዳል፦ የባህር ፈረስ፣ ሽሪምፕ፣ ጥፍር የማታክል ቀንድ አውጣ። ለሰፊው ጥርት ያለ ውሃና ግዙፍ የባህር ወለል ያስፈልጋል። ለጥቃቅኑ ደግሞ የተረጋጋ ውሃና ጊዜ። ሁለቱንም እኩል የሚሰጥ ደሴት ብርቅ ነው።

ስለ ቀለምም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ጀማሪ የሚናደድበት ጉዳይ ነውና። ውሃ ከብርሃን ውስጥ መጀመሪያ የሚውጠው ቀዩን ነው። አምስት ሜትር ገደማ ላይ ቀይ ሊጠፋ ይደርሳል። አሥር ሜትር አካባቢ ብርቱካናማው ይከተላል። ከዚያ በታች ሁሉም ነገር ሰማያዊና ግራጫ ነው። ርቀቱ ደግሞ ወደታች ብቻ አይቆጠርም፤ በእናንተና በዓሣው መካከል ያለው ውሃም ቀለም ይበላል። ስለዚህ ፍላሽ ያስፈልጋል፣ ከዚያም በላይ መቅረብ ያስፈልጋል። ከአንድ ሜትር ርቀት በላይ ሆኖ የተነሳ ፎቶ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ደብዝዞ ይወጣል። ፍላሹን ከሌንሱ ጎን አርቃችሁ ትከሉት። ሌንሱ ላይ ካጠጋችሁት ውሃው ውስጥ ያለው ብናኝ ሁሉ ያበራና ፎቶው በረዶ የዘነበበት ይመስላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ውድ ካሜራ አትግዙ። ኦሊምፐስ ቲጂ የሚባለው ትንሽ ካሜራ (አሁን የሚሸጠው ኦኤም ሲስተም በሚል ስም ነው) ያለ ውሃ መከላከያ ሳጥን 15 ሜትር ይወርዳል፣ በሳጥኑ ደግሞ 45። ጥቃቅን ነገር በማንሳት ከእሱ ብዙ እጥፍ ዋጋ ካላቸው ካሜራዎች ጋር ይፎካከራል። ጎፕሮ ለቪዲዮ ግሩም ነው፤ ለጥቃቅን ፎቶ ግን አይሆንም።

ቦኔር፦ ጊዜ የምትሰጥ ደሴት

ቦኔር ከቬንዙዌላ ጠረፍ ፊት ለፊት፣ ከኩራሳዎ አጠገብ የምትገኝ ትንሽ ደረቅ ደሴት ናት። ከ2010 ጀምሮ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ዓመቱም ወሩም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የኔዘርላንድ ልዩ ማዘጋጃ ቤት ሆና ትተዳደራለች፤ ገንዘቧ ግን የአሜሪካ ዶላር ነው። ቁልቋልና አህያ ይበዛባታል። ለምለም ተራራና ረጅም የአሸዋ ዳርቻ የሚፈልግ ሰው አይወዳትም። ለውሃ ውስጥ ፎቶ ግን ከእሷ የተሻለች አላውቅም።

ምክንያቱ ዳይቭ የሚደረገው ከባህር ዳር መሆኑ ነው። ፒካፕ ትከራያላችሁ። ጠዋት የአየር ሲሊንደር ትጭናላችሁ። የምዕራቡን ዳርቻ ይዛችሁ ስትነዱ ከመንገዱ ዳር ቢጫ የተቀቡ ድንጋዮች ታያላችሁ፤ የቦታው ስም ተጽፎባቸዋል። ደስ ያላችሁ ጋ ታቆማላችሁ፣ ልብሳችሁን ትለብሳላችሁ፣ በእግራችሁ ትገባላችሁ። ጥቂት ዋኝታችሁ ሪፉ ላይ ትደርሳላችሁ፤ ከ10 ሜትር ገደማ ጀምሮ ቁልቁል ይወርዳል። እንዲህ የሚገባባቸው ከ50 በላይ ቦታዎች አሉ። የሚጠብቃችሁ ጀልባ የለም፣ የሚያጣድፋችሁ ሰው የለም። አብሯችሁ የሚጠልቀው ሰው ትዕግሥት ካለው፣ አየራችሁ እስከፈቀደ ድረስ አንድ ቦታ መቆየት ትችላላችሁ።

ሶልት ፒየርን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ደቡብ ላይ ያለ የጨው መጫኛ ነው። ጨው የሚጭን መርከብ ቆሞ ከሆነ መጥለቅ ክልክል ነው፤ ካልቆመ ግን ቀኑን እዚያ ብታሳልፉ አይቆጭም። የብረት ምሰሶዎቹ ከላይ እስከ ታች ቢጫና ብርቱካናማ ስፖንጅ (ተጣብቆ የሚኖር የባህር እንስሳ) ለብሰዋል። በመካከላቸው የዓሣ መንጋ ይዞራል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ ብርሃኑ በምሰሶዎቹ መካከል ተሰንጥቆ ይገባል። ሰፊ ሌንስ የያዘ ሰው ወደ ላይ እያነጣጠረ ማንሳት ነው።

ማክሮ (ጥቃቅን ነገር የሚያነሳ ሌንስ) የያዘ ሰው ደግሞ አንድ ምሰሶ መርጦ ቀስ እያለ ይዙር። ፍሮግፊሽ የሚባለው ዓሣ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ጡጫ ያክላል፤ ስፖንጅ ነው ብላችሁ ደጋግማችሁ ታልፉታላችሁ። ቀለሙ እንደ ስፖንጁ፣ ገላው እንደ ስፖንጁ የተቦረቦረ። የሚያሳብቀው አፉ ነው፤ ወደታች የተደፋ መስመር ሆኖ ይታያል። ከዚያ እንደ እጅ ምሰሶውን የጨበጡት ክንፎቹ ይታያሉ። አንዴ ካገኛችሁት የትም አይሄድም። ፍላሹን ከጎን አድርጋችሁ፣ ከዓይኑ ትክክል ዝቅ ብላችሁ፣ ጠብቁ። ቆይቶ አንዳንዴ ያዛጋል፤ አፉ ከራሱ ገላ የሰፋ እስኪመስል ይከፈታል። ያንን ፎቶ የሚያገኘው የቆየ ሰው ነው። ጀልባ ላይ የተሳፈረ ሰው ያን ጊዜ ወደ ላይ እየወጣ ይሆናል።

ሂልማ ሁከር ሌላዋ ጥሩ ቦታ ናት። 72 ሜትር ገደማ የምትረዝም የጭነት መርከብ ነበረች። ማሪዋና ተደብቆባት ተያዘች፤ ባለቤት ነኝ የሚል ጠፋ፤ በ1984 ሰጠመች። አሁን 30 ሜትር ላይ በጎኗ ተኝታለች። ጥልቀቷ ጊዜያችሁን ስለሚያሳጥር ለእሷ ናይትሮክስ (ኦክስጅን የበዛበት የመተንፈሻ አየር) ተጠቀሙ።

ሌሊቱም ደስ ይላል። ታርፖን የሚባሉት ሰው የሚያክሉ ብርማ ዓሦች በመብራታችሁ እየተመሩ ያድናሉ፤ በትከሻችሁ በኩል ሽው ሲሉ መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣሉ። ሙሉ ጨረቃ ካለፈ ከ2 እስከ 5 ባሉት ምሽቶች ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ መብራት አጥፍታችሁ ቁሙ። ኦስትራኮድ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት ተጓዳኝ ለመሳብ ሰማያዊ የብርሃን ነጠብጣብ እየጣሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። በተራ ካሜራ አይነሳም፤ ካሜራውን ተዉትና እዩት።

ደንቡ ጥብቅ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። የባህር ፓርኩ የተቋቋመው በ1979 ነው። ጓንት ክልክል ነው። የተፈጥሮ ጥበቃ ክፍያ አለ። ማንም ሰው፣ የቱንም ያህል ልምድ ቢኖረው፣ መጀመሪያ ገለጻ ሰምቶ የሙከራ ዳይቭ ያደርጋል። ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሚባሉ ኬሚካሎች ያሉበት የፀሐይ ቅባት ከ2021 ጀምሮ ታግዷል። ከአሜሪካ ገዝታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ቱቦው ላይ ያለውን አንብቡ።

ጉድለቷንም ልንገራችሁ። መግቢያው ብዙ ቦታ ላይ ድንጋይና የተሰባበረ ኮራል ነው፤ ጠንካራ ሶል ያለው የውሃ ጫማ ከሌላችሁ፣ ሲሊንደር ተሸክማችሁ በአንድ እጅ ካሜራ ይዛችሁ መግባት አደገኛ ነው። ጉልበቱን ወይም ወገቡን የሚያመው ሰው ሆቴሉ የራሱ መሰላልና መድረክ ያለውን ይምረጥ። ከመኪና ላይ ዕቃ ይሰረቃል፤ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ የሚመክረው በሩን ሳትቆልፉ ውስጡን ባዶ አድርጋችሁ እንድትተዉት ነው። ሻርክና ሌላ ትልልቅ ነገር እምብዛም አይታይም። ምግብም ርካሽ አይደለም።

ኮዙሜል፦ ውሃው የሚነዳችሁ

ኮዙሜል የሜክሲኮ ደሴት ናት። ከፕላያ ዴል ካርመን በጀልባ 45 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከብዙ የአሜሪካ ከተሞች ቀጥታ በረራ አለ። ዋጋውም ከቦኔር ይቀንሳል፤ ምግቡ ደግሞ አይወዳደርም፤ በትንሽ ብር ጥግብ ብላችሁ ታኮ የምትበሉባት ደሴት ናት።

ዳይቩ ግን ከቦኔር ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። ውሃው ይፈሳል፤ እናንተ አብራችሁ ትሄዳላችሁ፤ ጀልባው አረፋችሁን ተከትሎ የወጣችሁበት ይመጣል። መዋኘት የለም ማለት ይቻላል። ፓላንካር በሚባለው ሪፍ ላይ እንደ ሕንፃ የቆሙ የኮራል ምሰሶዎች መካከል ታልፋላችሁ። ሳንታ ሮሳ ገደል ጎን ስትንሳፈፉ ሰው የሚያህል ስፖንጅ በአጠገባችሁ ይሄዳል፣ ከስር ጥቁር ሰማያዊ ነው። የውሃው ጥራት ብዙ ቀን ከ30 ሜትር በላይ ያሳያል። ለሰፊ ሌንስ ከዚህ የተሻለ መድረክ ጥቂት ነው።

ለማክሮ ግን ያበሳጫል። ጥሩ ነገር አይታችሁ ካሜራውን እስክታስተካክሉ አልፋችሁታል። ወደ ኋላ መመለስ ከወንዝ ጋር መታገል ነው፤ አየራችሁን ትጨርሳላችሁ፣ ቡድኑንም ታጣላችሁ። በደሴቷ የባህር ፓርክ አስጎብኚ ሳይዙ መጥለቅ አይፈቀድም፤ አስጎብኚው ደግሞ ሌሎችንም ይዟል። መፍትሔው ገንዘብ ነው፦ ለፎቶ አንሺዎች ብቻ የሆነ ትንሽ ቡድን መጠየቅ ወይም የግል አስጎብኚ መቅጠር። ፍጥነቱ ቀነስ የሚልበትን ቦታ፣ ለምሳሌ ጥልቀት የሌለውን ፓራይሶን፣ መርጦ እንዲወስዳችሁም ንገሩት።

አንድ ነገር ግን ኮዙሜል ብቻ አላት ማለት ይቻላል። ስፕሌንዲድ ቶድፊሽ የሚባል ዓሣ ነው። ከሪፉ ስር ባለ ጠባብ ዋሻ ውስጥ ሆዱን አሸዋ ላይ ጥሎ ይቀመጣል። ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ሜዳ አህያ የተሰመረ። ከአገጩ ስር ጺም የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። የክንፎቹ ጠርዝ ደማቅ ቢጫ ነው። ጣሪያው ዝቅተኛ ስለሆነ ሁለት ትልልቅ ፍላሽ አይገባም፤ አንዱን ዝቅ አድርጋችሁ ከጎን አብሩ። ለአስጎብኚው ጀልባ ላይ ሳላችሁ "ቶድፊሽ እፈልጋለሁ" በሉት። ቤታቸውን ያውቃል።

ከኮዙሜል ጋር ሌላም ትርፍ ይመጣል። ጀልባ ይዛችሁ ወደ ዋናው ምድር ስትመለሱ ሴኖቴዎቹ አሉ፦ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያሉ፣ ንጹሕ ጨው አልባ ውሃ የሞላባቸው ዋሻዎች። ዶስ ኦሆስ ጥልቀቱ 10 ሜትር አይበልጥም፤ በአስጎብኚ ከሆነ የመጀመሪያ ደረጃ የመጥለቅ ፈቃድ ያለው ሰውም መግባት ይችላል። ሌሎች ሴኖቴዎች ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጨረር በጣሪያው ቀዳዳ ገብቶ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ውሃው ስለማይንቀሳቀስ ፍላሽ አጥፍታችሁ አብሯችሁ የጠለቀውን ሰው ጨረሩ ውስጥ አቁማችሁ በእርጋታ ማንሳት ትችላላችሁ። ለኮዙሜል የምትመድቡት ሳምንት ካላችሁ ሁለቱን ቀን ለዚህ ተዉ።

ክረምት ላይ፣ ማለትም ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ ከሰሜን ብርቱ ነፋስ ሲመጣ የወደቡ ኃላፊ ትንንሽ ጀልባዎችን ያግዳል። አንድ ወይም ሁለት ቀን ሊበላባችሁ ይችላል። በሌላ በኩል ኢግል ሬይ የሚባሉት ነጠብጣብ ያለባቸው ውብ ዓሦች በብዛት የሚታዩት በዚያው ወቅት ነው።

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ፦ ካሜራ ለመማር የሚሄድ ሰው ቦኔር ይሂድ። ውሃ ውስጥ የተረጋጋ፣ ሰፊ ፎቶ የሚወድ፣ አራት ወይም አምስት ቀን ብቻ ያለው ሰው ኮዙሜል ይሂድ። ፎቶ የማያነሳ የትዳር ጓደኛ ይዞ የሚሄድም ኮዙሜል ይሂድ፤ ቦኔር ላይ የማይጠልቅ ሰው በሁለተኛው ቀን ይሰለቸዋል።

ሊትል ኬይማን፦ ገንዘብ ላለው

የኬይማን ደሴቶች የብሪታንያ ግዛት ናቸው። ሊትል ኬይማን ላይ በቋሚነት የሚኖረው ሰው 200 አይሞላም። ከግራንድ ኬይማን በትንሽ አውሮፕላን ትሻገራላችሁ፤ ሻንጣ በኪሎ ይመዘናል፣ የካሜራ ዕቃ ደግሞ ከባድ ነው፤ ቀድማችሁ ጠይቁ።

የምትሄዱት ለብለዲ ቤይ ገደል ነው። የገደሉ አፍ አንዳንድ ቦታ 6 ሜትር ገደማ ላይ ይጀምርና ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ይህ ለፎቶ ትልቅ ነገር ነው። ሌላ ቦታ ገደል ለማየት 25 ሜትር መውረድ አለባችሁ፤ እዚያ ደግሞ ጊዜው አጭር ነው፣ ብርሃኑም ትንሽ ነው። እዚህ ግን ፀሐይ በደንብ በምትደርስበት ጥልቀት ላይ ሆናችሁ ገደል ታነሳላችሁ፤ ሰማያዊው ጀርባ፣ ቀዩ ስፖንጅ፣ የፀሐይ ጨረር አንድ ላይ ይገባሉ።

ናሳው ግሩፐር የተባለው ትልቅ ዓሣ ደግሞ እንደ ውሻ ይከተላችኋል። በካሪቢያን ብዙ ቦታ በማጥመድ ሊጠፋ ደርሷል። የሚራባው በክረምት ሙሉ ጨረቃ ላይ በሺዎች አንድ ቦታ ተሰብስቦ ነው፤ ለዚህም ነው አንድ ጀልባ በቀላሉ ሊጨርሰው የሚችለው። ሊትል ኬይማን ላይ መሰብሰቢያው በ2001 ታውቆ ክፉኛ ተጠመደ፤ በ2003 ታገደና ቁጥሩ ቀስ በቀስ አገገመ። ዛሬም ከታኅሣሥ 1 እስከ ሚያዝያ 30 በፈረንጅ አቆጣጠር ናሳው ግሩፐር ማጥመድ በኬይማን ሁሉ ክልክል ነው። ሌንሳችሁ ላይ አፍንጫውን አስጠግቶ የሚያያችሁ ዓሣ በሕግ የተረፈ ነው።

ዋጋው ግን ያማል። ደሴቷ ላይ ከዳይቪንግና ከእረፍት በቀር ምንም የለም። ያንን የምትፈልጉ ከሆነ ገንዘቡ ያለቦታው አይወጣም።

ሮአታን፦ በጀቱ ለጠበበ

ሮአታን የሆንዱራስ ናት። ሪፏ ከሜክሲኮ እስከ ሆንዱራስ የተዘረጋው የሜሶአሜሪካ ሪፍ አካል ነው፤ ከአውስትራሊያው ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛው ረጅም። ዌስት ኤንድ በምትባለው መንደር ጀልባው ካሳፈራችሁ ከደቂቃዎች በኋላ ሪፉ ላይ ናችሁ። በእረፍት ሰዓት ተመልሳችሁ ባትሪ ትቀይራላችሁ። ፈቃድ ለማውጣት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ወይም ከጎረቤቷ ዩቲላ ርካሽ ቦታ አያገኝም። ከጥቅምት እስከ ጥር ዝናብ ይበዛል፣ ውሃውም ይደፈርሳል። ዌስት ቤይ ዳርቻ ላይ የአሸዋ ዝንብ ይነክሳል፤ ረጅም ሱሪ ያዙ።

ሳባና ዶሚኒካ

ሳባ ለጀማሪ አይደለችም። ከባህር ቀጥ ብላ የወጣች እሳተ ገሞራ ናት፤ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያዋ 400 ሜትር ብቻ ነው። ዝነኛዎቹ የባህር ውስጥ ጫፎቿ አናታቸው ራሱ ከ25 ሜትር በታች ነው። ሻርክና ትልልቅ ግሩፐር አለ፤ ጊዜ ግን የለም። ለፎቶ አንሺ የምመክራት በጥልቀት ላይ ፈጥኖ መሥራት ለለመደ ብቻ ነው።

ዶሚኒካ ደግሞ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ጋር አትምታታ፤ ቲኬት ስትቆርጡ ልብ በሉ። ሻምፓኝ ሪፍ ላይ ከእሳተ ገሞራው የሚወጣ ሞቃት አረፋ በወለሉ ሁሉ ይፍለቀለቃል። ስፐርም ዌል የሚባለው ዓሣ ነባሪ ዓመቱን ሙሉ የሚኖርባት ደሴትም ናት፤ መንግሥቷ በ2023 ለእነሱ 788 ካሬ ኪሎሜትር የሚሆን ጥብቅ ክልል እንደሚያቋቁም አስታውቋል። ከዓሣ ነባሪዎቹ ጋር የሚገባው በስኖርክል (ውሃ ላይ ተንሳፍፎ በቱቦ እየተነፈሱ) ብቻ፣ ፈቃድ ካለው ጀልባ ጋር ብቻ ነው። ውድ ነው፣ ቦታውም ቀድሞ ይያዛል። በርካሽ እንወስዳችኋለን የሚል ካለ አትከተሉት።

ወቅትና የሪፉ ጤና

የአውሎ ነፋስ ወቅት በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰኔ 1 እስከ ኅዳር 30 ነው። የሚከፋው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው። ቦኔር ከአውሎ ነፋሶቹ መስመር በስተደቡብ ስላለች እምብዛም አትመታም። ፈጽሞ ግን አይባልም፤ በ1999 ሌኒ የተባለው አውሎ ነፋስ ከምዕራብ መጥቶ ጥልቀት የሌለውን ሪፏን ጎድቷል። በዚያ ወቅት ብቻ እረፍት የምታገኙ ከሆነ ምርጫችሁ ቦኔር ወይም ኩራሳዎ ይሁን። ለሌሎቹ የስረዛ ኢንሹራንስ ግዙ።

አሁን ደስ የማይለውን ልናገር። በ2014 ፍሎሪዳ ላይ የታየ የኮራል በሽታ በካሪቢያን ተዛምቷል። ኮዙሜል በ2018፣ ኬይማንና ሮአታን በ2020፣ ቦኔር በ2023 ደርሷል። ክብ ክብ የሆኑትን ትልልቅ ኮራሎች በሳምንታት ውስጥ ይገድላል። በዚያው በ2023 ከባድ የባህር ሙቀት መጣና ብዙ ኮራል ነጭ ሆነ። የድሮ ፎቶ አይታችሁ ያንኑ ከጠበቃችሁ ታዝናላችሁ። ስፖንጁ፣ ማራገቢያ የሚመስለው ኮራል፣ ዓሣው አሁንም አለ። ዕቃችሁን ከአንዱ ቦታ ወደሌላው ስትሄዱ አጽዱ፤ በሽታው እንዳይሻገር ደሴቶቹ የሚያዙት ማጽጃ አለ፤ በእሱ ዘፍዝፉት። የሞተውንም ኮራል አንሱ። ከአሥር ዓመት በኋላ ዋጋ የሚኖረው ፎቶ ያ ሊሆን ይችላል።

ከየት ነው የምትነሱት?

ጅዳ፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ የምትኖሩ ከሆነ በግልጽ ልናገር፤ ለመጀመሪያው የፎቶ ጉዞ ካሪቢያን አያስፈልጋችሁም። ቀይ ባሕር ደጃችሁ ነው። ለስላሳ ኮራሉ፣ አንቲያስ የሚባለው ብርቱካናማ የዓሣ መንጋ፣ የዓሣው ዓይነት ብዛት ከካሪቢያን ይበልጣል። ልጆች በካርቱን የሚያውቁት ክላውንፊሽ ካሪቢያን ላይ የለም። ካሪቢያን ላይ የሚታየው ላየንፊሽ የሚባለው ዓሣም መጤ ነው፤ የአካባቢውን ዓሣ ስለሚጨርስ ይታደናል። ካሪቢያን የሚያዋጣው ዋሽንግተን፣ አትላንታ ወይም ሂዩስተን ለሚኖር ሰው ነው። አምስተርዳም ለሚኖርም ቦኔር ቀጥታ በረራ አላት።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ቪዛውን ከቲኬት በፊት ጨርሱ። ሜክሲኮ የሚሠራ የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የእንግሊዝ፣ የጃፓን ወይም የሼንገን ቪዛ፣ ወይም የእነዚህ አገሮች ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ካላችሁ ሌላ ቪዛ አትጠይቅም። ይህ ብቻውን ለብዙ ሰው ኮዙሜልን ያስመርጣል። ቦኔርና ሳባ የኔዘርላንድ ቢሆኑም ከሼንገን ክልል ውጭ ናቸው፤ የራሳቸው ደንብ አላቸው። ከአዲስ አበባ የምትነሱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ያዙ፤ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ መንገደኛ የሚጠይቁ አገሮች በአካባቢው አሉ።

የካሜራና የፍላሽ ባትሪዎችን በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። የሳጥኑ የጎማ ቀለበት ላይ አንዲት ፀጉር ብትቀር ውሃ ይገባል፤ ማታ ማታ ሳይደክማችሁ በጥሩ ብርሃን ፈትሹት፣ ጠዋት በጥድፊያ አትክፈቱት። ከእያንዳንዱ ዳይቭ በኋላ በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፉ፤ የደረቀ ጨው ቁልፎቹን ይይዛል።

የመመለሻ በረራችሁን ስትቆርጡ ከመጨረሻው ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት መሆኑን አረጋግጡ። ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው ከዚያ በፊት ቢበር ደሙ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ሁልጊዜ የየብስ ቀን ነው። ቦኔር ላይ ከሆናችሁ ያን ቀን ወደ ደቡብ ንዱ። የጨው ኩሬዎቹ ሮዝ ናቸው፤ ፍላሚንጎ በሩቅ ይታያል፣ ረጅም ሌንስ ያስፈልጋል፣ ወደ መራቢያቸው መግባት ክልክል ነው። ከባህሩ ዳር በ1850 ገደማ የተሠሩ ትንንሽ የድንጋይ ጎጆዎች ተደርድረዋል። ጨው ያመርቱ የነበሩ በባርነት የተያዙ ሰዎች ያድሩባቸው ነበር። ጎንበስ ሳይሉ አይገባባቸውም። መጠናቸው በፎቶው እንዲታይ ከፈለጋችሁ አንድ ሰው በሩ አጠገብ አቁሙ፤ ብርሃኑ የሚያምረው ከሰዓት በኋላ ነው።